የጎደለው አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደ ወጉ የአንተን ጤንነት፣ ቀጥዬም የባለቤትህንና የልጆቹን ደህንነት ጠይቄ መጀመር ነበረብኝ። ዛሬ ይቅርብኝ። ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ከአርባ ነው። አባባ አየር ላይ ናቸው፣ እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስልኩ ላይ አፍጥጫለሁ። እጄን አንድ ነገር ካላስያዝኩት አንስቼ እደውልልሃለሁ፣ ከደወልኩ ደግሞ እዋሻለሁ። ድምፅህን ስሰማ ሁልጊዜ እዋሻለሁ። "እንዴት ናችሁ?" ትለኛለህ፣ "ደህና ነን፣ አታስብ" እልሃለሁ። ይኸው ስድስት ዓመታችን፣ ደህና ነን።

ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ወረቀቱ የመንገደኛ ቅጽ ጀርባ ስለሆነ አትቀየመኝ። እሁድ ነው፣ ቢሮው ዝግ ነው፣ ንጹሕ ወረቀት ያለበትን ቁም ሣጥን አለቃዬ እትዬ ቆልፈውት ሄደዋል። እኔ የመጣሁት አውሮፕላኑን በኮምፒውተሩ ላይ ለመከታተል ነው።

ነገሩን በቀጥታ ልንገርህ፣ ዙሪያ ጥምጥም ከሄድኩ አልደርስበትም። አባባ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በርረው ይደርሳሉ ብዬሃለሁ። አይደርሱም። በረራው ሰባት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይፈጃል። የኦክስጅን ማሽናቸው ሁለት ባትሪ ነው ያለው፣ አንዱ አራት ሰዓት፣ ሁለቱ ስምንት ሰዓት ይሠራሉ። ማሽኑን ከግድግዳው ሶኬት ነቅለን ወደ ባትሪ ያዞርነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ያልቃል። አውሮፕላኑ የሚያርፈው በእኛ ሰዓት አሥር ከሩብ ነው። በሩ እስኪከፈት፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ እስኪመጣ፣ አንተ ጋ እስኪደርሱ ሌላ ግማሽ ሰዓት በል። አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ሙሉ አባባ በምን ይተነፍሳሉ? ከአራት ሰዓት ጀምሮ ይህንኑ ስደምርና ስቀንስ ነው ያለሁት። ደጋግሜ ስሠራው መልሱ የሚለወጥልኝ ይመስል።

ያለ ማሽኑ ከአልጋቸው እስከ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ ከንፈራቸው እንዴት እንደሚጠቁር አንተ አላየህም። እኔ አይቻለሁ። እዚያ ላይ ደግሞ አየሩ ይሳሳል።

አሥራ አንድ ዓመት ቲኬት ስቆርጥ ሰው ሁሉ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀኝ "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ነው። ሥራ በጀመርኩ ሳምንት እትዬ አንድ ሒሳብ አስተምረውኛል። የሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች ርቀት በኪሎ ሜትር ውሰጂ፣ ለስምንት መቶ አካፍይ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሪበት። ከእኛ እስከ እናንተ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ነው። አካፍለህ ብትጨምርበት አምስት ሰዓት ከሃያ ይመጣልሃል። ግን ይህ ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጠህ የምትለካው ርቀት ነው። መሃል ላይ ያለው አገር ጦርነት ከገባ ወዲህ ሰማዩ ዝግ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ ባሕሩን ዞሮ ነው የሚመጣው። ርቀቱ አምስት ሺህ ሦስት መቶ ገብቷል። ይህን በቀን አሥር ጊዜ ለመንገደኛ እናገራለሁ። "እማማ፣ ድሮ እንደሚያውቁት አይደለም፣ አሁን ሰባት ሰዓት ነው፣ የሚቀመስ ነገር ይያዙ" እላለሁ።

ኦክስጅን ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ሲኖር አየር መንገዱ የሚጠይቀው ቅጽ አለ። የምንሞላው እኛ ነን። "የበረራው ርዝመት" የሚል መስመር አለው፣ ከሥሩ "ባትሪው የሚሠራበት ሰዓት" ይላል። ባትሪው የበረራውን አንድ ተኩል እጥፍ መሥራት አለበት። ለአምስት ሰዓት ከሃያ ስምንት ሰዓት ይበቃል፣ ልክክ ይላል። ለሰባት ሰዓት ከአምስት ግን ከአሥር ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል፣ ሦስተኛ ባትሪ ማለት ነው። ለዚያ ማሽን ባትሪ ማስመጣት ሁለት ወር ይፈጃል ብለውኛል። እኔ መስመሩ ላይ አምስት ሰዓት ከሃያ ብዬ ጻፍኩ። ፊርማዬ ከሥሩ አለ።

ዛሬ ጠዋት አባባ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ማሽኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። ወንበራቸውን የሚገፋውን ሰውዬ "ቀስ በል፣ እኔ አልቸኩልም፣ የምትቸኩለው እሷ ናት" አሉት። ሰውዬው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የመግቢያው በር ላይ ስንሰነባበት "ምነው እጅሽ ቀዘቀዘ?" አሉኝ። አየሩ ነው አልኳቸው።

ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ ጠበቅኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሊነሳ የነበረው አውሮፕላን አልነሳም። አንድ ሻንጣ ተጭኖ ባለቤቱ አልሳፈር ብሎ ኖሯል፣ ያንን ሻንጣ ፈልገው እስኪያወርዱ የአውሮፕላኑን የጭነት ክፍል ከፍተው ቆሙ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ "አይ፣ ትንሽ ቢዘገይ ምን አለበት፣ በሰላም ይግቡ እንጂ" አለችኝ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው የተነሳው። አርባ ደቂቃ ሲዘገይ እያንዳንዱን ደቂቃ ቆጥሬያለሁ።

ቢሮ ደርሼ ኮምፒውተሩን ስከፍት ካርታው ላይ ያለችው ትንሽ አውሮፕላን ወደ ደቡብ እየታጠፈች ነበር። ስንት ጊዜ ያየሁት መስመር ነው። ዛሬ ግን አባባ ውስጧ አሉ።

ጎርናናው የምለው ሰው አለ፣ አውሮፕላን ማረፊያው የበረራ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ዘጠኝ ዓመት በስልክ ስንነታረክ ፊቱን አይቼው አላውቅም። በረራ ሲዘገይ እሱ ላይ እጮኻለሁ፣ እሱም መልሶ ይጮህብኛል፣ እንዲህ ተከባብረን እንኖራለን። ዛሬ ደወልኩለትና አልጮህኩም።

"ምን ሆነሻል?" አለኝ ገና ሳልናገር።

ነገርኩት። የአባባን የመቀመጫ ቁጥር፣ የባትሪውን ሰዓት፣ የሚያልቅበትን ደቂቃ።

"ቅጹ ላይ ስንት ተብሎ ነው የተጻፈው?"

"አምስት ከሃያ።"

"ማነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

ከኋላው ሰዎች ያወራሉ፣ ማተሚያ ማሽን ይንጫጫል።

"አንቺ? ባለፈው ሳምንት ለአሥር ደቂቃ ብለሽ ነፍሴን ያወጣሽው አንቺ?"

"አዎ።"

"ተሳስተሽ ነው?"

"ተሳስቼ ነው" አልኩት።

"በይ ዝጊው። ለአብራሪው መልእክት እልካለሁ። መስመሩን እንዳትይዢው፣ እኔ ነኝ የምደውልልሽ።"

እስካሁን አልደወለም። ይህን ደብዳቤም በዚያው ቃል ነበር የጀመርኩት። "ወንድሜ፣ ተሳስቼ" ብዬ ግማሽ ገጽ ከሄድኩ በኋላ ቀደድኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝ። አልተሳሳትኩም፣ ወንድምዓለም። ሰባት ሰዓት ከአምስት መሆኑን እያወቅኩ ነው አምስት ከሃያ ብዬ የጻፍኩት።

ሐኪማቸው "ከስድስት ሰዓት በላይ ከሆነ ብቻቸውን አይሄዱም፣ አጃቢ ያስፈልጋቸዋል" ብላ ነበር። ቲኬቱን አሳየኋት። መነሻ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መድረሻ ሰባት ሰዓት ከሰላሳ አምስት ይላል። በጣቷ ቆጠረችና "አምስት ሰዓት ናት፣ ትንሽ ናት" ብላ ፈረመች። መድረሻው በእናንተ ሰዓት እንደተጻፈ፣ የእናንተ ሰዓት ደግሞ ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ እንደሆነ እሷ ምን ታውቃለች? እኔ አውቃለሁ። እንጀራዬ ነው። ዝም ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። አንተም "ከስድስት ሰዓት በላይ ከሆነማ ብቻቸውን አይሆንም፣ እኔው መጥቼ እወስዳቸዋለሁ" ብለኸኝ ነበር። እመጣለሁ ስትል ይህ አምስተኛህ ነው። መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ አልክ። ቀጥሎ የልጆቹ ፈተና ይለቅ አልክ። ከዚያ አዲስ ሥራ ገባህ፣ ከዚያ ወገብህ አመመህ። እውነትህን ነው፣ ወገብህ አሞህ ነበር፣ ግን የእኔንም ወገብ የጠየቀኝ የለም። "እመጣለሁ" ስትል ሰምቼ ስልኩን ስዘጋ አባባ ከአልጋቸው ሆነው "ምን አለ?" ይሉኛል። "ይመጣል" እላቸዋለሁ። "ይምጣ" ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ያንን ፊት ለአምስተኛ ጊዜ ማየት አልቻልኩም። እና ርቀቱን አሳጠርኩት። አምስት ሰዓት ከሃያ ስልህ "እንዲህ ከሆነማ ይምጡ" አልክ፣ በአንድ ደቂቃ አለቀ።

አባባ አንተ ጋ ሦስት ወር እንዲቀመጡ ነው የተስማማነው። እኔ ግን ገና ሳይሄዱ የመጀመሪያዋን ሌሊት ነበር የማስበው። ስድስት ዓመት በራቸው ሥር ነው የምተኛው። ማሽኑ ድምፁን ከቀየረ እነቃለሁ፣ ካልቀየረም ነቅቼ አዳምጣለሁ። አንድ ሌሊት ጆሮዬን ጥዬ ልተኛ አልኩ። አባቴን ጠልቼ እንዳይመስልህ። እወዳቸዋለሁ። ደክሞኝ ነበር፣ ይህንንም ለአንድም ሰው ተናግሬው አላውቅም፣ ለአንተ እንኳን።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ በጭፍን ያደረግኩት አለመሆኑ ነው። አስልቼበታለሁ። አንድ ከአርባ ላይ ባትሪ፣ ሁለት ተኩል ላይ መነሳት፣ ዘጠኝ ከሰላሳ አምስት ላይ ማረፍ፣ ዘጠኝ ከአርባ ላይ ባትሪው ማለቅ። አምስት ደቂቃ ትተርፋለች። አውሮፕላኑ ካረፈ መሬት ላይ ነው፣ ትንሽ ቢጠብቁ አይጎዳቸውም አልኩ። የአባቴን ትንፋሽ በአምስት ደቂቃ አስያዝኩት። አንድ ተኩል እጥፍ የሚለው ሕግ ለምን እንደወጣ ለሰው የማስረዳው እኔ ነኝ፣ "አውሮፕላን ይዘገያል" እያልኩ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እኔ ተጫወትኩ። አንድ የማላውቀው ሰው ሻንጣውን ልኮ ራሱ ቀረ፣ አምስቷ ደቂቃም አብራ ቀረች።

አሁን ስድስት ሰዓት ከሃያ ነው። ጎርናናው ደውሎ ነበር።

"አብራሪው መልሷል" አለ። "አባትሽ ደህና ናቸው። ሁለተኛውን ባትሪ ቀይረውላቸዋል። አውሮፕላኑ ላይ ለድንገተኛ የሚቀመጥ ሁለት የኦክስጅን ጠርሙስ አለ፣ ባትሪው ሲያልቅ ከዚያ ይሰጧቸዋል።"

"ይበቃቸዋል?"

"ሌላ ሰው ካልታመመ ይበቃቸዋል።"

"ቢታመምስ?"

"እኔ ምን ብዬ ልመልስልሽ?" ድምፁን ቀነሰ። "የሚያርፉበት ቦታም በሩ ድረስ ኦክስጅን ይዘው እንዲጠብቋቸው ነግሬያለሁ። ጠያቂው ማነው ሲሉኝ በአንቺ ስም አስያዝኩት። የሚበላ ነገር ብዪ።"

አልበላሁም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የምጸልየው ለአባባ ብቻ አይደለም፣ እዚያ ውስጥ ላሉት መቶ ሰማንያ መንገደኞች ሁሉ ነው። አንዱም እንዳያስለው፣ አንዱም ደረቱን እንዳይዝ። ለማላውቃቸው ሰዎች ጤና እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም። ለአንተም መደወል ነበረብኝ። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። "ምን ተፈጠረ?" ብለህ ትጮሃለህ፣ እኔም "ምንም፣ አየር መንገዱ ተሳስቶ" እላለሁ፣ ምላሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ አንተ አሁን ቤትህ ቁርስ እየበላህ፣ አምስት ሰዓት ከሃያ የሚለውን ይዘህ፣ ስንት እንደሚቀራቸው ሰዓትህን እያየህ ይሆናል።

ዘጠኝ ከአርባ አለፈ። ብዕሩን አስቀምጬ ቆሜ አሳለፍኩት። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። አሁን ጠርሙሱን ከፍተውላቸው ይሆናል፣ ወይም ሰው ታሞ አንዱን ወስደውባቸው ይሆናል፣ ወይም ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ተገኝቶ ይሆናል። ስንት ዓመት የተቀመጠ ጠርሙስ ማን ያየዋል? ኮምፒውተሩ ላይ አውሮፕላኗ ከባሕሩ ዳርቻ አጠገብ ናት፣ የቆመች ትመስላለች። ጣቴን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አድርጌ ልገፋት ሞከርኩ፣ ሰው አለማየቱ ደግ ነው።

አሥር ከሩብ። "አርፏል" ይላል። ስልኩ አይጮህም።

አሥር ተኩል። አይጮህም።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምጽፈው ከደወልክልኝ በኋላ ነው። ለአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ደወልክ። ያልከኝን አንድም አልረሳሁም። "አውሮፕላኑ ዘገየ ብዬ ስጨነቅ፣ ሠራተኞቹን በሩ ላይ ኦክስጅን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው፣ ማን አዘዘ ብላቸው የአንቺን ስም ጠሩልኝ። አንቺ እኮ ሁሉን ነገር አስቀድመሽ ታስቢያለሽ። እድሜ ይስጥሽ፣ እኔ እንኳን እንዲህ አላደርግላቸውም ነበር" አልከኝ። "አባባን ስጠኝ" ብቻ አልኩህ። ስልኩን ሰጥተሃቸው ሻንጣ ልታወጣ ሄድክ።

አባባ ሲናገሩ በሁለት ቃል መሃል ያርፋሉ፣ ዛሬ በአንድ ቃል መሃልም ያርፉ ነበር።

"ደረስኩ" አሉኝ።

"እንዴት ነበር፣ አባባ?"

"ረዘመ።"

እሳቸው ቀጠሉ። "የምታስተናግደዋን ልጅ ጠየቅኳት። ሰባት ሰዓት ነው አለች። ዓመት ሆነው አለች፣ በዚህ ከዞረ።" ተነፈሱ። "አንቺ ይህን አታጪውም።"

"አባባ..."

"መጨረሻ ላይ ትንሽ ጨነቀኝ። ጠርሙስ አመጣችልኝ። ደግ ልጅ ናት፣ እጄን ይዛኝ ተቀመጠች።" እንደገና ተነፈሱ፣ ስልኩ ውስጥ የሰው ጫጫታ ብቻ ይሰማኝ ነበር። "ደክሞሽ ነው። አውቃለሁ እኮ። ሌሊት ስትነቂ እሰማሻለሁ።"

አለቀስኩ። ለቅሶዬን እንዳይሰሙ ስልኩን ከአፌ አራቅኩት፣ የሰሙኝ ይመስለኛል።

"ለወንድምሽ አልነገርኩትም" አሉ በመጨረሻ። "አንቺም እንዳትነግሪው። እኔና አንቺ ጋ ይቅር። በይ ሂጂ ተኚ።"

ይኸው ነው፣ ወንድምዓለም። ይህን ደብዳቤ ቀድጄ ብጥለው የሚያውቅብኝ የለም። ጎርናናው ተሳስታ ነው ብሎ መዝግቦልኛል፣ አንተ እድሜ ይስጥሽ ብለኸኛል፣ አባባ ሸፍነውልኛል። ነገ ጠዋት በዚያው መስመር የምትበር ደንበኛ አለችን፣ ሰባት ሰዓት ከአምስት መሆኑን ነግሬያታለሁ፣ ደብዳቤውን በእሷ እልከዋለሁ። ነገውኑ የአባባ ሐኪም ጋ ሄጄ ምን እንዳደረግኩባት እነግራታለሁ፣ ለእትዬም እነግራቸዋለሁ፣ ከሥራ ቢያባርሩኝም ሐቃቸው ነው። ሦስተኛውን ባትሪ አዝዣለሁ። አባባ ሲመለሱ ግን ስንትም ባትሪ ቢኖር ብቻቸውን አይበሩም። ወይ አንተ ይዘሃቸው ትመጣለህ፣ ወይ እኔ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ። አንተም ስድስተኛ ምክንያት ካለህ ከአሁኑ ጻፍልኝ።

ከተቆጣህ ተቆጣኝ፣ ይገባኛል። አባባን ግን አትቆጣቸው፣ እኔው እንደነገርኩህ ንገራቸው። እኔ በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳን እምቢ ብያቸው አላውቅም፣ ዛሬ እምቢ አልኩ። ከአልጋቸው እስከ መስኮቱ ለመድረስ ሦስት ጊዜ የሚያርፉ ሰው ናቸው። በዚያች ትንፋሽ የእኔን ውሸት እንዲሸከሙልኝ አልፈልግም። ለዚህ ነው የነገርኩህ።

ታናሽ እህትህ